“ቀሪ” የሚለው ምልክት
የደሴና የኮምቦልቻ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጤናና ደኅንነት፦ ዳሰሳ

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ ሰልፉ ተበትኖ፣ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ መምህሩ የስም መጥሪያ ደብተሩን ይከፍታል። ስም ይጠራል፤ “አቤት” ይባላል። ሌላ ስም ይጠራል፤ “አቤት”። ከዚያ አንድ ስም ይጠራና መልስ ይጠፋል። ከኋላ ወንበር አንዱ “ቀሪ ነው፣ ቲቸር” ይላል። መምህሩ ምልክቱን ያደርግና ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል።

ስለ ትምህርት ቤት ጤና ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ክኒን፣ ስለ ክትባትና ስለ ቀይ መስቀል ክበብ ነው። እኔ ግን ዳሰሳዬን ከዚያች ምልክት እጀምራለሁ። ጤና ጣቢያ የሚያውቀው ደጁን የረገጠውን በሽተኛ ነው። ትምህርት ቤት ግን ያልመጣውንም ያውቃል፤ ሕፃናት በየማለዳው በስማቸው ተጠርተው መኖራቸው የሚረጋገጥበት ሌላ የመንግሥት ቦታ የለንም። ታዲያ ያ ልጅ ለምን ቀረ? ወባ አንቀጥቅጦት ነው? ዓይኑ ተጣብቆ ነው? ቁርስ ሳይበላ መምጣት ከብዶት ነው? ዱላ ፈርቶ? ወይስ ልጅቱ የወር አበባ መጥቶባት? የጤናው፣ የምግቡና የደኅንነቱ ጥያቄ ሁሉ በዚያች ምልክት ውስጥ ተጠቅልሏል።

ሁለት አየር፣ ሁለት የሕመም ዝርዝር

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ገና ኮምቦልቻ ሳይገባ ጃኬቱን ያወልቃል። የልጆቹ ሕመምም ከልብሱ ጋር ይለወጣል።

በደሴ ጉም በከበበው ጠዋት ልጆች መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሙቀቱን ሲጋሩ ሳሉንና ጉንፋኑንም ይጋራሉ፤ በቸልታ የታለፈ ሳል የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ወባ በአገራችን በአብዛኛው የሚሰራጨው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ ስሙ ለማንም እንግዳ አይደለም። የሚበረታውም ክረምቱ ወጥቶ የረጋው ውኃ ትንኝ በሚያፈራበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ማለትም ደብተርና ዩኒፎርም ገና አዲስ በሆኑበት ወቅት ነው። ልጁ የዓመቱን መሠረት የሚጥልበትን ትምህርት አልጋ ላይ ሆኖ ያሳልፈዋል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማም ናት። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የቆዳውና የብረቱ ፋብሪካዎች ባሉበት ላይ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ይህ ለወላጅ እንጀራ ነው። ነገር ግን ወደ ቦርከና ወንዝ በሚገቡት ትናንሽ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየምና ከብረት ሥራ የሚወጣ ዚንክ ከሚፈቀደው መጠን በላይ አግኝተዋል። ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ እግራቸውን የሚነክሩት በእነዚሁ ወንዞች ነው። ስለዚህ ከክልል ቢሮ የሚወርድ አንድ ዓይነት የጤና ትምህርት ለሁለቱም ከተሞች አይበቃም። ደሴ ስለ አየር ማስገቢያ መስኮትና ስለ ሳል፣ ኮምቦልቻ ስለ አጎበርና ስለ ወንዝ ውኃ በየራሳቸው መንገድ ማስተማር አለባቸው።

የተጻፈው ብዙ ነው

በሰነድ ደረጃ ድሆች አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምህርት ቤት ጤና ንቅናቄውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዳካር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና የዓለም ባንክ አራት ምሰሶዎችን አቆሙ፦ የትምህርት ቤት የጤና ፖሊሲ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ፣ ክህሎት የሚያስጨብጥ የጤና ትምህርት፣ እንዲሁም በትምህርት ቤት የሚሰጥ የጤናና የሥነ ምግብ አገልግሎት። እኛም የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም አለን፤ ከአራቱ ዓበይት ጉዳዮቹ አንዱ ምቹና ደኅንነቱ የተጠበቀ የመማሪያ አካባቢ ነው። በ2005 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የትምህርት ቤት ጤናና ሥነ ምግብ ስትራቴጂ አወጣ። ከሁሉም በላይ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መለኪያው እነዚህ ቃላት ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ወጥተው ሽንት ቤቱ ደጃፍ መድረሳቸው ነው።

ሮቶውና ሳሙናው

የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያስቀመጠው መመዘኛ ለ25 ሴቶች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ መሽኛ ይላል። በአገራችን መመዘኛ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪዎች ይይዛል። ሒሳቡን ማንም ይሠራዋል፤ ሃያ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በአንድ ፈረቃ ብቻ አንድ ሺህ ልጅ አለው። ግማሾቹ ሴቶች ከሆኑ ለእነሱ ብቻ ሃያ መጸዳጃ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ቁጥሩ ቢሟላም ውኃ ይቀራል። ደሴ ውኃ በፈረቃ የሚጠበቅባት፣ ጀሪካን የቤት ዕቃ ሁሉ አለቃ የሆነባት ከተማ ናት። ቤት ውስጥ የሌለ ውኃ ትምህርት ቤት በተአምር አይፈስም። ስለዚህ ሮቶ ማቆም ጥሩ ጅምር ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ግን ከሮቶው ይከብዳሉ። ቧንቧው በአንደኛ ክፍል ልጅ ቁመት ልክ ነው? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሳሙናውን ማን ይገዛል? ሽንት ቤቱን በየቀኑ የሚያጸዳው ሰው ደመወዙ ከየት ይመጣል? ጥገና ያጣ መጸዳጃ በልጆች ዓይን ከሌለ መጸዳጃ ይብሳል። ልጁ እንዳይሄድበት ሲል ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ትምህርቱም አይገባውም።

በዚህ በኩል ከባዱን ሸክም የምትሸከመው ከአምስተኛ ክፍል ወደ ላይ ያለችው ልጅ ናት። የወር አበባዋ ክፍል ውስጥ ሲጀምራት በር የሚዘጋ ክፍል፣ ውኃና ሞዴስ ካላገኘች ቤቷ ትሄዳለች፤ ደብተሩ ላይ “ቀሪ” ተብላ ትጻፋለች። በመቀሌ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍረወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ስትመረጥ፣ ዓለም ያወቀላት ነገር ቀላል ነበር፤ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አንዲትን ልጅ ክፍል ውስጥ ያቆያታል። ያንን ጨርቅ በአንዲት የታመነች መምህርት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ለማንኛውም ትምህርት ቤት የሚቻል ነው።

“ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ” ይላል ተረቱ። የአማራ ክልል ግን የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተሰራጨባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የልጅ ፊት ላይ የዋለ ንፍጥና የዓይን ፈሳሽ ዝንብ ይጠራል፤ ዝንቡም ሕመሙን ከልጅ ወደ ልጅ ያጓጉዛል። የልጅነት ማዝ ተደጋግሞ ሲመለስ ከብዙ ዓመት በኋላ የዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ዓይንን ይወጋል፤ መጨረሻውም መታወር ነው። ክልሉ ከካርተር ማዕከል ጋር ከሃያ ዓመታት በላይ የሠራበት ዘዴ አራት እጆች አሉት፦ ቀዶ ጥገና፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ ንጽሕና። ቀዶ ጥገናው የሐኪም ነው፤ ለዚህም ከደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታወቀ ነው። የፊት መታጠቡ ግን የሮቶውና የመምህሩ ነው። ልጅን ከነንፍጡ መውደድ ጥሩ ነው፤ ጠርጎለት መውደድ ደግሞ ዓይኑን ያድናል።

በዓመት አንዴ የሚመጡት

የአገራችን የትምህርት ቤት ጤና ትልቁ ስኬት በዘመቻ የሚሰጠው ነው። የትላትል መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች መሰጠት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሚዛን ሳያስፈልግ የልጁን ቁመት ምልክት በተደረገበት እንጨት ለክቶ የቢልሃርዝያ ክኒኑን ቁጥር ማወቅ ይቻላል፤ ይህን መምህርም ይሠራዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ከሚሴ በሚወርደው የቦርከና ሸለቆ ቢልሃርዝያ ከዱሮ የታወቀ ነውና ነገሩ ለአካባቢው ልጆች ቅርብ ነው። በሽታውን በሚያዛምተው ቀንድ አውጣ ላይ እንዶድን አውሎ ለዓለም ያሳወቀው አክሊሉ ለማ የዚህችው አገር ልጅ መሆኑን የሳይንስ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሊነግራቸው ይገባል።

ክኒኑ ግን አንድ ጥያቄ ያመጣል፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ያቅለሸልሻል። ያልበላ ልጅ ወስዶ ሲያስመልስ ያዩ ጓደኞቹ በማግሥቱ ይቀራሉ፤ ወሬው ሰፈር ሲደርስ “መድኃኒቱ ልጆቹን መረዛቸው” ይሆናል። ከክኒኑ በፊት አንድ ዳቦ ማብላት የመድኃኒቱ አካል ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ ተሰጠ። ዘጠኝ ዓመት ማለት ገና ሦስተኛና አራተኛ ክፍል ነው። የክትባቱ ቡድን ግን ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚያገኘው በዚያ ቀን የመጣችውን ነው። የቀረችው፣ ያቋረጠችው፣ ሰው ቤት የተቀጠረችው ታመልጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ክትባቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋትም እሷ ናት።

ሆድ

የወሎ ሰው ስለ ረኀብ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የ1965ና የ1966ቱ እንዲሁም የ1977ቱ ረኀብ በየቤቱ የሚነገር ታሪክ አላቸው። ዛሬ ያለው ረኀብ ግን ካሜራ አይጠራም። ሻይ ብቻ ጠጥቶ የመጣ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ መምህሩም “ሰነፍ” ይለዋል።

በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በራሱ በጀት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን መመገብ ሲጀምር፣ እናቶች ተደራጅተው የሚያበስሉበት፣ ልጆች በአንድ ገበታ የሚቀመጡበት አሠራር ለአገሪቱ ታየ። ከእርዳታ ድርጅት ስንዴ የሚጠብቅ ምገባ መርከብ ሲዘገይ ይቆማል፤ በከተማ በጀት መስመር ውስጥ የገባ ምገባ ግን ይጠየቅበታል። ደሴና ኮምቦልቻ ከዚያ ልምድ የሚወስዱት ዋናው ነገር ይህ ነው። ፋብሪካዎችና ነጋዴዎች ያሉባቸው ከተሞች ናቸውና ከበጀቱ የተረፈውን ክፍተት ማን እንደሚሞላ መነጋገር ይችላሉ።

ገበታውም ወሎን መምሰል አለበት። በአንድ ወንበር ሙስሊምና ክርስቲያን በሚቀመጡበት ክፍል ሽሮ፣ ምስርና ንፍሮ ማንንም ከማዕዱ አያስወጡም፤ ለክርስቲያኑም የጾም ምግብ ናቸው። በረመዷንና በዐቢይ ጾም ልጆች ታላላቆቻቸውን አይተው ለመጾም ይሞክራሉ። በእነዚያ ሳምንታት የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ማለዳ ማድረግ ወጪ የሌለው ደግነት ነው።

መንገድ፣ ገደል፣ ጎርፍ

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋና መንገድ ሁለቱንም ከተሞች በመሐል ይሰነጥቃል። በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከኮምቦልቻ ይነሣል። ከባድ መኪናው፣ ባጃጁና ዩኒፎርም የለበሰው ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ አስፋልት ይሻማሉ። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ “ቁም” የሚል ምልክት የያዘው ተማሪ ትራፊክ የሚደነቅ ልጅ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ልጅ ነው። የእሱ ሰደርያ የአዋቂ ትራፊክ ፖሊስን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታንና ቀለሙ ያልለቀቀ የእግረኛ መሻገሪያን መተካት የለበትም።

ደሴ የተሠራችው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ፣ ቁልቁለቷ በሚንሸራተት መሬት ላይ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች የመሬት መንሸራተቷን አጥንተው ካርታ አውጥተውለታል፤ ክረምት ሲገባ የቦርከናና የገባሮቹ ጎርፍ በድንገት ይመጣል። በዚሁ ጠርዝ በስተደቡብ በኩል በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ስለዚህ የአዲስ ክፍል መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ያንን ካርታ ማየት፣ የግቢውን የውኃ መውረጃ ቦይ ከሰኔ በፊት መጥረግ፣ ልጆችን በዓመት ሁለቴ ከክፍል በሰልፍ ማስወጣት ማለማመድ ያስፈልጋል። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ከአካፋና ከፊሽካ በላይ አይጠይቁም።

አርጩሜ

ያንግ ላይቭስ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት አማራ ክልልን ጨምሮ በአምስት የኢትዮጵያ አካባቢዎች ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 የ8 ዓመት ልጆች ሲጠየቁ ከኢትዮጵያውያኑ 38 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ሳምንት መምህር እንደመታቸው ተናገሩ። በቬትናም 20፣ በፔሩ 30፣ በሕንድ 78 በመቶ ነበር። ይህ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የተገኘ ቁጥር ነው።

መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው። እሱ ግን ራሱ በአርጩሜ ተምሮ ያደገ፣ በደመወዙ ወሩን መዝለቅ ያቃተው፣ ሃምሳና ከዚያ በላይ ልጅ ፊት የቆመ ሰው ነው። ዱላውን ከእጁ ስንወስድ በምትኩ ሌላ ነገር መስጠት አለብን፦ ክፍልን ያለ ጩኸት የመምራት ሥልጠና፣ የሥራ ባልደረባ ድጋፍ፣ ከልጆቹ ጋር የተዘጋጀ የክፍል ደንብ። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አዲስ መምህር ሲያስመርቅ ይህን እንደ ሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ሁሉ ሊያስታጥቀው ይገባል። የሚገረፍ ልጅ ሕመሙንም አይናገርም። ልጆች ስለ ዓይናቸውም፣ ስለ ረኀባቸውም፣ መንገድ ላይ ስለሚያስፈራራቸው ሰውም የሚነግሩት የማይፈሩትን አዋቂ ነው። ስለዚህ ዱላ ባለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሌላው የጤና ሥራ ሁሉ ጆሮ ያጣል።

ከጦርነቱ በኋላ

በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ በሰሜኑ ጦርነት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ደሴ ሲጎርፉ የተቀበሏቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። ጥቁር ሰሌዳ ባለበት ክፍል ሰው ተኛ፤ ግቢው ውስጥ ወጥ ተሠራ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ ነፃ መውጣታቸው የተነገረው ኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ። ልጆቹ ሲመለሱ የተሰበረ ወንበር ብቻ አልነበረም ያገኙት፤ ያልፈነዳ ተተኳሽ አሻንጉሊት መስሏቸው የሚያነሡበት አደጋም አብሮ ጠበቃቸው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል።

በዚህ ላይ የወሎ የቆየ ጉዳይ አለ። እናቱ ወይም እኅቱ ዓረብ አገር የሄደችበት፣ ከአያቱ ጋር የሚያድግ፣ ናፍቆቱን በስልክ የሚወጣ ልጅ በየክፍሉ አለ። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ፣ ዝም የሚል፣ ያለ ምክንያት የሚጣላ ልጅ ሲታይ “ባለጌ” ከማለት በፊት ምን እንዳየ መጠየቅ ይገባል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ለሁሉም አይደርስም። ጨዋታ፣ ሥዕል፣ የታወቀ የዕለት ሥርዓትና ስሙን በፍቅር የሚጠራ መምህር ግን ለሁሉም ሊደርሱ ይችላሉ።

የጎደለው አንድ ዓምድ

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በመኪና ተጭኖ በዓመት አንዴ የሚመጣው፣ ክኒኑም ክትባቱም፣ ተሳክቶልናል። በየቀኑ የሰው እጅ የሚፈልገው፣ ውኃው፣ ሳሙናው፣ ምግቡና መልካሙ ቃል፣ ደክሞብናል። ዘመቻ የራሱ በጀት፣ ባነርና ሪፖርት አለው። የየዕለቱ ሥራ ግን የሁሉም ስለሆነ የማንም ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በስም መጥሪያ ደብተሩ ላይ ከ“ቀሪ” ምልክት አጠገብ “ምክንያት” የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ ቤቱ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው በስም ይመደብ፤ የክፍል ኃላፊው መምህር ወይም የሰፈሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ልጁም የሚመጣው ሰው ሊቀጣው ሳይሆን ሊጠይቀው እንደሚመጣ ይወቅ። በወር መጨረሻ ርእሰ መምህሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ ያንን ዓምድ ቁጭ ብለው ያንብቡ። በኅዳር ወባ ከበዛበት አጎበሩ ይታሰባል፤ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ሴቶች በየወሩ የሚቀሩ ከሆነ የመጸዳጃው በር ይጠገናል፤ ልጆች የሚቀሩት በአንድ መምህር ክፍል ብቻ ከሆነ መምህሩ ይረዳል፣ ይታረማልም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን የሕመም ዝርዝር በራሱ እጅ ይጽፋል።

ይህ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ ሐዘን ቤት ያልተገኘ አባል ለምን እንደቀረ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ደግሞ ይጎበኛል። ሰው ሲሞት አንድም ጎረቤት እንዳይቀር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሕዝብ፣ በሕይወት ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ከክፍል ሲቀር ለምን እንደቀረ ሳንጠይቅ ሦስተኛው ቀን ሊያልፍ አይገባም። የቅሬው ዳኛ፣ ሼኹና ቄሱ ከመምህሩ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያንን ደብተር ሊከፍቱት ይችላሉ። ለሞተ የሚቆመው ቅሬ ለቀረ ልጅም ይቁም።